የአያ ምትኩን ገብስ የጠበቅሁ ቀን

ትናንት አንድ የአውቶቡስ ረዳት ዳባት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጥቶ በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ሰጠኝ። «አያ ምትኩ ከደባርቅ ልከውልህ ነው። ‹ከጭላዳ የተረፈ› በለው ብለውኛል» አለና ሳቀ። በየዓመቱ መልእክቱ ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ደባርቅ የተመደብኩ ጀማሪ መምህር ሳለሁ ነው። በእረፍት ቀኔ ደብተሬን ይዤ ከከተማው በታች ወዳለው ሸለቆ እወርዳለሁ። በኅዳር ወንዙ ጠርቶ የሆዱ ድንጋይ ይቆጠራል፤ ከዳሩ ዛፎች ላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ከገደሉ በላይ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። እኔ ሁሉንም በሰንጠረዥ እመዘግባለሁ። ያገኘሁትን ሰውም፣ ሳይጠይቀኝ፣ አስረዳለሁ።

አያ ምትኩ ወንዙ ዳር ባለች ቁራጭ ማሳቸው ገብስ ዘርተው ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር። የከርሞ ዘራቸው የሚወጣው ከእሷ ነው። የሚካኤል ዕለት ማኅበር ነበረባቸውና ማሳውን ማን ይጠብቅ?

«እኔ አለሁ» አልኳቸው። «ደግሞ አይስጉ። ጭላዳ እንደ ሌላው ዝንጀሮ አይደለም፤ ሳር በል ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«መጽሐፍ።»

«መጽሐፉ ማሳ አለው?» ብለው ወንጭፋቸውን ሰጡኝ። «ገደሉን ሲወርዱ ካየህ ጩህ። ዝም እንዳትል!»

ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው መንጋው ወረደ። ደረተ ቀይ አውራዎች ጎፈራቸውን ነስንሰው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው። ብጮህ ቆጠራዬ ይበላሻል ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ስድሳ አራት! ሳሩን በጣታቸው እየነጩ ሲቀርቡ «ሳር ይበላሉ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ድንገት ከማዶ አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ አንተ መምህር! ተኝተሃል? ገብሱ አለቀ እኮ!»

ቀና ስል ግማሹ መንጋ ማሳው መሀል ተቀምጦ ዛላ ይመለምላል። ወንጭፉን አሽከረከርኩት፤ ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ ማማውን መታ። አንዱ አውራ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝና መብላቱን ቀጠለ። ሴትዮዋ ጅራፏን እያጮኸች ወንዙን ባትሻገር ኖሮ አንድ ዛላ አይተርፍም ነበር።

አያ ምትኩ ሲመለሱ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው አዩት።

«ስንት ነበሩ?»

«ስድሳ አራት።»

«ሳይጎድል?»

«ሳይጎድል።»

«በል እንግዲህ፣ ገብስ ምንድን ነው ይላል መጽሐፍህ?»

መጽሐፉ ገብስን ከሳር ወገን ይመድበዋል። ያን ቀን ብቻ ማስረዳት አልፈለግሁም።

የማስተምረው ከሰዓት ነበርና እስኪታጨድ ድረስ በየጠዋቱ ማማው ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ለዘር የሚሆነው ተረፈ።

ዛሬ ስለ ጭላዳ ሳስተምር ቆሎውን ለተማሪዎቼ አዞርኩላቸው። «ሳር በል ነው» አልኳቸው፤ «እናንተም እንደዚያው።» ማኘካቸውን አቁመው አዩኝ። አሁንም ማስረዳት እወዳለሁ፤ ግን በመስኮት በኩል ማሳ ማሳውን እያየሁ ነው።