ውሃው ያጋደለበት መቆሚያ

አባቴ በዕድሜው ስንት ዕቃ እንደሠራ አላውቅም። ሞፈር፣ ቀንበር፣ አልጋና የጎተራ መቆሚያ ይሠራ ነበር። ከሁሉም በዝርዝር የማስታውሰው ግን በጣሊያን ጊዜ ለዓሣ ማኖሪያ የሠራውን የእንጨት መቆሚያ ነው። የመጋዙን ሌላ ጫፍ ይዤ የሳብኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ጣሊያኖች ለመኪና መንገድ ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየፈለፈሉ ነበር። ከቀወት መንደሮች ለድንጋይ ሥራ የሚወጡ ሰዎች ስም ሲጻፍ የአባቴም ተጻፈ። አባቴን ደረቱን ያፍነዋል። ቆላ ላይ እንኳ በክረምት ማለዳ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። የጣርማ በር ብርድና የድንጋዩ ብናኝ ምን እንደሚያደርገው ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ሸዋ ሮቢት የተቀመጠው ጣሊያናዊ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ አናጢ ፈለገ። ከሮቢ ወንዝ ያስያዛቸውን ትንንሽ ዓሦች ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያኖራል። ሣጥኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከውሃው ክብደት ጎብጧል፤ የራሳቸውን አናጢ ደግሞ ወባ ጥሎታል። ዓሦቹን ለምን እንደሚያኖር ስንጠይቅ የመሐንዲሱ አስተርጓሚ አንድ ቀን የትንኝ እጭ ስለሚበሉ ነው አለን፤ ሌላ ቀን ባሕሩ ስለናፈቀው ነው አለን። የትኛው እውነት እንደሆነ አላረጋገጥኩም። የተባልነው ግን ግልጽ ነበር፦ መቆሚያው ጥሩ ከሆነ አባቴ እዚያው ሮቢት በአናጢነት ይቀራል፤ ካልሆነ ወደ ጣርማ በር ይወጣል።

አባቴ ሣጥኑን ዞሮ አየና በገመድ ለካው። ስንወጣ፣ "ጎተራ ነው" አለኝ። "እህል የለበትም እንጂ ጎተራ ነው።"

የደረቀ ዋንዛ ነበረን። ምስማር እንስጥህ ቢሉት አልፈልግም አለ። እግሮቹን በመሮ ፈልፍሎ አግዳሚዎቹን አስገባባቸውና በወይራ ችንካር አጠበቃቸው። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ለዓሣም አልጋ ተጀመረ?" ሲለው፣ አባቴ ቀና ሳይል፣ "መደብ አልተስማማቸውም አሉ" አለው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ጆንያ ማሽላ ጫንንበት። እኔም ከላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አንድ መገጣጠሚያ እንኳ አልጮኸም።

መሐንዲሱ ቤት ወስደን አቆምነው። ሣጥኑን አስቀምጠን ውሃ ስንሞላ ነው ጉዱ የታየው። ውሃው በወንዙ በኩል ባለው ጫፍ በአንድ ጣት ከፍ ብሏል። መሐንዲሱ ሁለቱን ጫፎች በጣቱ እያሳየ ተናገረ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ፣ "መቆሚያዎ ጠማማ ነው ይላሉ። ነገ ከሚወጡት ጋር ይውጡ ብለዋል" አለው።

ስሕተት ነበረብን። ጎተራ ትንሽ ቢያጋድል እህሉ አያሳብቅም፤ ስለዚህ ዕቃ ማጋደል አለማጋደሉን ማየት ልማዳችን አልነበረም። በማሽላው የፈተንነው ጥንካሬውን ብቻ ነው።

አባቴ ገመዱን ከመቀነቱ ፈትቶ አራቱን እግሮች አንድ በአንድ ለካ። እኩል ናቸው። መሐንዲሱ ገመድ ይለጠጣል ብሎ አልተቀበለውም።

"እንግዲያው ውሃው ይቀዳና መቆሚያው ይዙር" አለ አባቴ። "ጠማማው የኔ እንጨት ከሆነ ውሃውም አብሮ ይዞራል።"

ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ አድርገን፣ ውሃውን ቀድተን፣ መቆሚያውን ፊቱን አዙረን መልሰን ሞላን። ስቸኩል ግማሹን ባልዲ እግሬ ላይ ደፋሁት። ውሃው አሁንም ከፍ ያለው በወንዙ በኩል ነበር።

መሐንዲሱ ሄደና የራሱን ውሃ ልክ አምጥቶ የሲሚንቶው ወለል ላይ አጋደመው። የውሃ ልኩ አረፋ ወደ በሩ፣ ከወንዙ ተቃራኒ ወዳለው ከፍ ያለ ጫፍ ሸሸች። ያጋደለው ወለሉ ነበር፤ ያስነጠፈው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። አንድ ቃል ተናገረ፤ አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ቀጥሎ በበሩ በኩል ያሉት ሁለት እግሮች በመጋዝ ጥቂት ይቆረጡ አለ።

"እግሮቹ ትክክል ናቸው። አልቆርጣቸውም" አለ አባቴ።

አስተርጓሚው አየው። "እንዳሉት ልንገራቸው?"

"እንዳልኩት።"

መልስ ሳይጠብቅ ሁለት ስስ የወይራ ሽብልቆች ጠርቦ በወንዙ በኩል ካሉት እግሮች ሥር አስገባ። ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተስተካከለ። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ዝርዝሩን አስመጥቶ የአባቴን ስም ሰረዘ።

በማግስቱ ሌሎቹ ሲወጡ አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ሸኛቸው። ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁበትም። እኔ ግን ኮርቼበት ነበር፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ኋላ በጋዜጠኝነት ስሠራ ሰው አንድን ነገር ጠማማ ነው ሲለኝ፣ ከመጻፌ በፊት ነገሩን አዙሬ ማየት የለመድኩት ከዚያ ቤት ነው።

ጣሊያኖች ሲሄዱ መስታወቱ ተሰብሮ መቆሚያው ብቻ ተገኘ። ተሸክመን አምጥተን ጎተራችንን ልንጭንበት ስንል፣ አባቴ አስቁሞን በሳህን ውሃ አስቀመጠበት። ማሽላ ለሚሸከም ነገር ይሄ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት።

ሳህኑን እያየ፣ "ያጋድል እንደሆነ ማወቅ አለብኝ" አለኝ።