ጎማ ላየው ነው

ጋሽ ብረቱ አውቶቡስ መንዳት የጀመረው መንገዱ ሳይሠራ ነው ይላሉ፤ እሱ እየነዳ መንገዱ ከኋላ ከኋላው ተሠራ። «ብረቱ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት መናኸሪያው ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ መሪው ላይ እንደ ችንካር ተተክሎ ይውላል። ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ሽንት ቤት ፍለጋ ሲራኮት፣ እሱ ጢሙን እያበጠረ ሻይ ያዛል።

በሥራው አንድ የማይነካ ሕግ ነበረው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ከበራ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ሙሽራ ቢሳፈር ይቆማል፣ ሚኒስትር ቢሳፈር ይቆማል። አንድ ተቀያሪ ሹፌር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በፕላስተር ሸፍኖ ሲነዳ ቢያገኘው፣ «ለምን ዓይንህንም አልሸፈንከውም?» ብሎ ፕላስተሩን ልጦ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። «በርቶ የሚቀረው መብራት ወዳጅህ ነው፤ በርቶ የሚጠፋው ነው ገደል የሚከትህ» የሚለው ንግግሩ እስከ ዛሬ በመናኸሪያው ይጠቀሳል።

ታዲያ ይህ ብረት ይዝግ ጀመር።

መጀመሪያ አቀበቱ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ቁልቁለቱም ላይ። ከዚያ ሜዳው ላይም። «ጎማ ላየው ነው» ይልና ከአውቶቡሱ ኋላ ይሰወራል። ተሳፋሪው ይጠብቃል፤ ያዛጋል፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ተዋውቆ፣ ተጣልቶ፣ ይታረቃል። በመጨረሻ ጎማ በእግር ሲመታ ይሰማል፣ ለማስረጃ መሆኑ ነው፤ ጋሽ ብረቱም ላቡን እየጠረገ ይመለሳል። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ሌላው ጎማ ያሳስበዋል። ውሃ መጠጣት እንኳ ትቶ ከንፈሩ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ።

እንዲህ ያለ ነገር መቼም ወሬ ይወልዳል። አንዲት የዘወትር ደንበኛው የሆኑ እናት ሲወርዱ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ በሌላው አውቶቡስ ነው የምሄደው። አንተም ነፍስህን ከወደድካት በሌላው ሂድ» ብለው መከሩት። ወሬው ባለንብረቱ ጆሮ ደረሰና ሰውየው ብሩን ሁለቴ እየቆጠረ ሁሉንም ጎማ በአዲስ ለወጠ።

በአዲሱ ጎማ በተደረገው የመጀመሪያ ጉዞ፣ ገና ከከተማው ሳይርቁ፣ አውቶቡሱ ዳር ያዘ።

«ጎማ ላየው ነው።»

ረዳቱ ተከትሎት ወረደ። ይህ ረዳት የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ ድምፁ ከክላክሱ የሚበልጥ። ጋሽ ብረቱ አንድ እጁን አውቶቡሱ ላይ አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን ይጠብቃል። ረዳቱ ጎማው ሥር ያለውን ነጭ ጠጠር አየ። ጠጠሩ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ጎማው እኮ አዲስ ነው።»

«አዲስም ይታያል። አንተ ምን ልትሠራ ወረድክ?»

«ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቀይ ሥር በልቼ ነው።»

«ቀይ ሥር! እህቴ ከአትክልት ሻጩ ጋር ከተጣላች ወዲህ ቤታችሁ ቀይ ሥር ገብቶ ያውቃል?»

ጋሽ ብረቱ ዚፑን ዘጋ። «አትጩህ። ባለፈውም እንዲሁ መጥቶ በማግስቱ ጠፍቷል። አሁንም ይጠፋል።»

ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲጮህ የኖረ ሰው ሲያንሾካሹክ ያስፈራል። ቀስ ብሎ ጠየቀው፦ «በርቶ የሚጠፋው ምን ያደርጋል ነበር ያልከው፣ ጋሼ?»

ጋሽ ብረቱ ጎማውን ሊመታ እግሩን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። ለካ ፕላስተር ሲለጥፍ የከረመው እሱ ራሱ ነው! ተመልሶ ገባና መተላለፊያው መሐል ቆመ።

«ስሙኝማ። ጎማው ምንም የለበትም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽንቴ አስቸግሮኛል፣ ደምም አይቼበታለሁ። ዛሬ በየመንገዱ እቆማለሁ፤ ነገ ሐኪም ቤት ነኝ። የሚቸኩል ካለ አሁኑኑ ይውረድ።»

ከኋላ መቀመጫ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ብድግ አለ። ጋሽ ብረቱ ስድብ ጠበቀ።

«እኔስ አልቸኩልም» አለ ሰውየው፤ «ግን ከቆምን አይቀር በሩን ክፈትልኝ።»

ከእሱ ኋላ ከጎልማሳዎቹ ተሳፋሪዎች ግማሹ ተሰለፈ። ሁሉም ጎማ ሊያይ።

ቤት ሲገባ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ከአልጋ እየተነሳህ የምትመላለሰው ለሌላ ሴት ልትደውል መስሎኝ፣ ስልክህን ሩዝ ዕቃ ውስጥ ስደብቅ ከርሜያለሁ! ነገ አብሬህ ነኝ።»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ትሄዳለህማ። እኔ የምመጣው መንገድ ላይ ጎማ እንዳታይ ነው።»

የሽንት ቧንቧ ሐኪሟ ልጁን የምታክል ሆና ስትገኝ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ሚስቱ ቆማለች። ተቀመጠ።

«ምን ልርዳዎት፣ አባቴ?»

«ሽንቴ ላይ ደም አየሁ። በማግስቱ ጠፋ።»

«ጠፋ?»

«ጠፋ። ስለጠፋ ነው የመጣሁት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ብዙ ሰው ስለጠፋ ነው ሳይመጣ የሚቀረው» አለችው። ከዚያ ሳታስጌጥ ነገረችው፦ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል፣ የከፋም ሊሆን ይችላል፤ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። ካሜራው በየት በኩል እንደሚገባ ስታስረዳው ብረቱ ለአፍታ ላስቲክ ሆነ።

ከዚያ ጢሙን አበጠረና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ይግባ» አለ። «መብራቱ ለምን እንደበራ ሳላውቅ መሪ አልጨብጥም።»