ጳጉሜን የሌለበት ፕሮግራም

ትናንት ከሰዓት፣ ዝናቡ የሲኤምሲን መንገድ ሲያጥበው፣ ልጄ ማህሌት ከላፕቶፗ ቀና ብላ «እማዬ፣ ይህን ፕሮግራም በአዲሱ ቨርዥን ልሥራው ወይስ በአሮጌው?» አለችኝ። የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩላት ነበር። እጄ ቆመ።

የምትለው የፕሮግራም መሥሪያውን ነው። መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ የቀን መምረጫውን አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ የጻፉትን በዊንዶውስም በሊኑክስም ያስኬዳል። ተራ ጥያቄ ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ጉርድ ሾላ አንድ ትንሽ ቢሮ ተቀጠርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ ጓደኞቼ ሥራ አጥተው ነበር። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ላለ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም እንሠራለን። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ የመድኃኒት ክፍሉ ሊኑክስ። በአሮጌው ቨርዥን ላይ የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ፣ ዐሥራ ሦስት ወር ያለው የቀን መምረጫ ሠርቼ ጨርሻለሁ። በመሃል አዲሱ ወጣ። ያምራል፤ አልዋሽም። የእኔ መምረጫ ግን አልሠራበት አለ።

አለቃችን አቶ ሰይፉ ለደንበኛ አሮጌ ነገር አላሳይም አሉ። ከአዲሱ ጋር በመጣው የፈረንጅ መምረጫ ላይ የአማርኛ የወር ስም እንድንለጥፍ አዘዙ። ወሮቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ ጳጉሜን ቦታ የላትም አልኳቸው።

«ስንት ቀን ናት እሷ፣ የኔ እህት? ያን ሳምንት ሰው ዶሮ ተራ እንጂ ሐኪም ቤት አይሄድም» አሉ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እንደታዘዝነው ሠርተን ክሊኒኩ ላይ ጫንነው።

የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሆነ እንድመለከት ወደ ክሊኒኩ ላኩኝ። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና ልጆች በየደጁ ራቁታቸውን ይቦርቁበት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ነጠላዋ ርሶ፣ ሴት ልጇን ታቅፋ ቆማለች። የልጅቷ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አልቋል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ መስከረም ሦስት ነው የሚለው ብላ ልትመልሳት ነው። ቀጠሮውን የመዘገበው ሰው ጳጉሜንን ቢፈልግ አጥቶ፣ ቀጥሎ ያለውን ወር ነክቶ ነበር።

እናትየው አልጮኸችም። «ሐኪሙ ሩፋኤል ዕለት ነው ያሉኝ፣ እህቴ። ሩፋኤልን እንዴት እረሳለሁ?»

ሠራተኛዋን ለምኜ መድኃኒቱን አሰጠኋት። ከዚያ ለአቶ ሰይፉ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ከበዓል በኋላ እናየዋለን አሉ።

«እንግዲያው ልጅቷን በጳጉሜን አትውደቂ ይበሉልኝ» አልኩና ዘጋሁት።

በፍላሽ ይዤው የነበረውን አሮጌውን ሥራዬን እዚያው ጫንኩት። አላስፈቀድኩም። የእንቁጣጣሽ ማግስት ከሥራ አሰናበቱኝ።

መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ጦሜን አድሬ አላውቅም። አቶ ሰይፉንም በጸሎት አነሳቸዋለሁ። ያን ሳቅ ግን አልረሳሁትም። ንስሐ አባቴ ቁጣውን ተዪው ይሉኛል፤ እየታገልኩ ነው።

ይህን ሁሉ ለማህሌት አልነገርኳት። «መጀመሪያ ጳጉሜንን ያውቅ እንደሆነ እዪ» ብቻ አልኳት። አዲሱን ከፍታ የቀን መምረጫው ሳጥን ላይ ጳጉሜን ሦስት ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ቀላ፤ አልቀበልም አለ። ልጄ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ዘጋችውና የእኔ የቀን መምረጫ ያለበትን አሮጌውን ከፈተች።

ተመስገን ብዬ በቆሎዬን መፈልፈል ቀጠልኩ።