ደሟ ወንድ፣ ፀጉሯ ሴት

ሱሉልታ ውስጥ የወንዳፍራሽ ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም በአንድ ቃል ነው። ቃሉ «ያዘች» ይባላል።

ወንዳፍራሽ ላሞችን ያዳቅላል። ክዳኑ ሲከፈት ጉም የሚተፋ ቀዝቃዛ ጋን በሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ከግቢ ግቢ ይዞራል። ጋኑ ውስጥ የኮርማ ዘር በቀጫጭን ቱቦዎች በርዶ ተቀምጧል። ወንዳፍራሽ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት ያጠልቃል፣ ላሟን በስሟ ጠርቶ ያባብላል፣ ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ላሟ ካረገዘች «ያዘች» ይባልና ምስጋናው ለፈጣሪ ይሆናል። ካላረገዘች «የወንዲ እጅ አይይዝም» ይባላል።

የአዴ ገለቴ ጊደር ቡሬ አልያዘችም። ሆርሞን ወግቶ ሞከረ፤ አልያዘችም። ወራት ጠብቆ ደገመ፣ ሠለሰ። ቡሬ ግን አንገቷ እየወፈረ፣ ትከሻዋ እየሰፋ፣ ምንም እንዳልተደረገባት ሣሯን ታመነዥካለች።

አዴ ገለቴ ባላቸው ካረፉ ወዲህ በሁለት ላሞች ወተት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ቡሬ ሦስተኛዋ እንድትሆን ነበር ተስፋቸው። በየማለዳው ወተታቸውን ይዘው ወደ መረከቢያው ይሄዳሉ። መረከቢያው የሰፈሩ ላሞች ሁሉ ወሬ የሚሰማበት ቦታ ነው፤ የማን ላም ታመመች፣ የማን ወለደች፣ የማን ወተት ውሃ በዛበት። የቡሬም ነገር እዚያው ወጣ።

«ወንዲ፣ አንተ ታዳቅላለህ ወይስ ትመርቃለህ?» አሉት ኦቦ ባጫ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ኦቦ ባጫ ኮርማ አላቸው፤ ላም ላመጣ ሁሉ ያውሳሉ። «የኔ ኮርማ ጓንት አያጠልቅም፤ ሞተርም አይነዳም። ግን ይይዝለታል።»

ሰዉ ሳቀ። ወንዳፍራሽም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ስልኩ ዝም አለ። ሌሎች ያልያዙ ላሞች ትዝ አሉ፤ የያዙት ተረሱ። ዐሥራ አንድ ዓመት የዞረበት ሞተር በር ላይ ቆሞ መዋል ጀመረ። ወንዳፍራሽም ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያገላብጠው ጀመር።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። መጀመሪያ ቡሬን የዳሰሰ ቀን ጣቶቹ የለመዱትን አላገኙም። ማሕፀን መኖር በነበረበት ቦታ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ነክተው ተመለሱ። «ገና ልጅ ነች» ብሎ አለፈው።

በዚያው ሰሞን ኢየሩስ የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ መጣች። ለጥናት የወተት ላሞች ደም ትሰበስባለች፤ ወንዳፍራሽ ቤቶቹን አሳያት። በመጨረሻው ቀን ከራሱ ቦርሳ አንዲት ብልቃጥ አውጥቶ ሰጣት። «ይቺንም ጨምሪልኝ። ምናልባት የደበቀችው በሽታ ካለ።» የቡሬ ደም ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ደወለች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የሰጡኝ ደም የወንድ ነው።»

«የምን ወንድ? ጊደር ናት’ኮ!»

«ወንድ ነው የሚለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ዲኤንኤው።»

«እንግዲያው ዲኤንኤው መጥቶ ጡቷን ይይ!»

ኢየሩስ ሳቀች፤ ግን ነገሩ አልቀለለም። ቤተ ሙከራው ብልቃጥ ከብልቃጥ እንዳይምታታ የእያንዳንዱን ደም ጾታ ያመሳክራል። ስለዚህ ስሙን ሲጽፉ ተሳስተው ይሆናል አለችው። እስከዚያ ቀን የሚታማው እጁ ብቻ ነበር፤ አሁን ጽሕፈቱም ተጨመረ። በማግሥቱ አዴ ገለቴ እያዩ ደሙን እንደገና ቀዳ፤ «ቡሬ» ብሎ በትልቁ ጻፈበትና ታክሲ ተሳፍሮ ራሱ አደረሰው።

ኢየሩስ ዳቦ ማሞቂያ የሚያክል ማሽን አሳየችው። በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል የተጠቀለለ ረጅም ክር አለ፤ ከክሩ አንዷ ቁራጭ ወንድ ላይ ብቻ ነው የምትገኘው። ቁራጯ ግን እጅግ ትንሽ ናት። እንድትታይ መባዛት አለባት። ማሽኑ ክሩን አሙቆ ለሁለት ይለያየዋል፣ ቀዝቀዝ ሲያደርገው እያንዳንዱ ግማሽ አቻውን ይሠራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፤ ሠላሳ ዙር ሲሞላ ከቢሊዮን ያልፋል።

«ይህን ሁሉ የሚገለብጠው ማነው?»

«አንድ ፕሮቲን ነው። የሌላው ፍጥረት ፕሮቲን በዚህ ሙቀት እንደ እንቁላል ይበስል ነበር። ይኼኛው ግን ከፍል ውሃ ነዋሪ ተሕዋስ የተገኘ ነው።»

«እንደ ወሊሶ ፍል ውሃ?»

«እንደዚያ ያለ። ቦታው ግን ሩቅ አገር ነው።»

ወንዳፍራሽ ለጉልበቱ ወሊሶ ሄዶ ተነክሮ ያውቃል። እዚያ ውሃ ውስጥ ከሱ ሌላ ነዋሪ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ማሽኑ ጨረሰ። መልሱ ያው ነበር፤ ወንድ። ኢየሩስ «ከጅራቷ ፀጉር ከነሥሩ ነቅለው ያምጡልኝ» አለችው።

አመጣ። ፀጉሩ ሴት ሆነ።

አንዲት ጊደር፣ ደሟ ወንድ፣ ፀጉሯ ሴት። ኢየሩስ ወረቀቱን ይዛ ቀና አለች። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ይቺ ጊደር ስትወለድ መንታ ነበረች?»

«አልነበረችም። ብትሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።»

«እስቲ ይጠይቁልኝ» አለችና የጠረጠረችውን አስረዳችው።

አዴ ገለቴ ግቢ ሲደርስ የወተት ጋናቸውን እያጠቡ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ አዴ?»

«ነጋ፣ በሰላም። ዛሬ ደግሞ ምኗን ልትነቅል መጣህ?»

«ቡሬ መንታ ነበረች?»

እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ደሟ።»

አዴ ገለቴ በሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አዎ፣ ሁለት ነበሩ፤ ቡሬና አንድ ወንድ። ነገር ግን መንታ መውለድ ዓይን ይጠራል። ባለፈው ጊዜ ጥሩ ላማቸውን ሰው አይቶ ባደነቀ ሳምንት ወተቷ ደርቆባቸዋል። ስለዚህ ወንዱን ጓዳ ደብቀው አሰነበቱት፤ በኋላም ጋቢ አልብሰው ጫንጮ ላለው ወንድማቸው ላኩት። አሁን እዚያ ትልቅ ወይፈን ሆኗል።

ወንዳፍራሽ ኢየሩስ የነገረችውን በራሱ ቃል አስረዳቸው። ሁለቱ በአንድ ሆድ ሳሉ የደም ሥሮቻቸው ተጋጥመዋል። የወንዱ ሰውነት «ማሕፀን አይሠራ» የሚል መልእክት በደም ይልካል። መልእክቱ ለራሱ ነበር፤ እሷም ጋ ደረሰ። ደም የሚሠሩት ሕዋሳቱም ተሻግረው መቅኔዋ ውስጥ ገቡ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጠው የወንድ ደም ይሠራሉ። ሰውነቷ አያባርራቸውም፤ ራሱንና ባዕዱን መለየት ከመማሩ በፊት የመጡ ናቸውና ቤተኛ ናቸው።

«ጫንጮ ያለውስ?»

«እሱም ውስጥ የእሷ ደም አለ።»

አዴ ገለቴ ቡሬን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «እኔ’ኮ ለያየኋቸው ብዬ ነበር» አሉ።

«እንግዲህ አትወልድም፣ አዴ። መጀመሪያ ስዳስሳትም ጣቶቼ ማሕፀን አላገኙም ነበር፤ ገና ልጅ ነች ብዬ አለፍኩት። ጥፋቱ የእርስዎም የእኔም አይደለም። ስለ መንታው ግን እርስዎ ካልፈለጉ ከአፌ አይወጣም።» ይህን ብሎ ሞተሩን ገፍቶ ወጣ። ስሙን የሚያጠራለት ነገር በእጁ ገብቶ፣ እሳቸው ካልተናገሩት የሱ እንዳልሆነ እያወቀ።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ማለዳ ወንዳፍራሽ በመረከቢያው በኩል ሲያልፍ ኦቦ ባጫ ጠሩት። «ወንዲ፣ የዛሬው ምርቃት የት ነው?»

አዴ ገለቴ ጋናቸውን መሬት ላይ ዷ አደረጉት።

«ባጫ፣ አፍህን ያዝ! የዚህ ልጅ እጅ ከሁላችን ቀድሞ ነው ያወቀው። ቡሬ መንታ ነበረች። ደበቅኩ።»

«ከማን?»

«ካንተ ዓይን!»

መረከቢያው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ባጫ ግን አልሳቁም። «ከወንድ ጋር ላኩ?» አሉ፣ መንታ ማለታቸው ነው። «አባቴ እንዲህ ያለችዋን ጊደር ለቀንበር እንጂ ለወተት አትጠብቋት ይል ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ሞተ።»

«እንግዲያው ወንዲን ጠይቀው» አሉ አዴ ገለቴ።

ጠየቁት። ወንዳፍራሽ ሞተሩን አቁሞ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ፍል ውሃው፣ ስለ መቅኔው ተናገረ፤ ተረካቢዋ «ወተቱ ሊበላሽ ነው!» ብላ እስክትጮህ ድረስ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አዴ ገለቴም እዚያው ወሰኑ፤ ቡሬ ጫንጮ ትሄዳለች፣ ከወንድሟ ጋር ትጠመዳለች።

ሰው ሲበተን ኦቦ ባጫ ተከትለውት ወጡ። ከሞተሩ አጠገብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንዲ… እኔም ቤት አንዲት ጊደር አለች። ኮርማው ሦስቴ ወጣባት። አልያዘችም። ነገ ብቅ በል።»

«እመጣለሁ ኦቦ ባጫ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መንታ ነበረች?»

ኦቦ ባጫ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ።

«ቀስ በል እንጂ» አሉ፣ «ሰው ይሰማል።»