ድምፅ ያልተጻፈበት እትም

ኮምፒውተር ቤቴ የነበረው መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዛሬ የዱባይ ልብስ ይሸጥበታል። ባለፈው ሳልፍ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ኮምፒውተሬ ትቀመጥበት በነበረው ጥግ ራስ የሌላት አሻንጉሊት ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። የማይረባ ቤት ነበር እኮ! ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ በበር ገብቶ ከደንበኛ ጋር ወንበር ይሻማል፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ግን ናፈቀኝ፣ ምን ላድርግ።

የማልሠራው ነገር አልነበረም። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ዘፈንም መንዙማም ሚሞሪ ላይ እጭናለሁ። ከሁሉ የሚወደደው ሥራዬ ግን ዓረብ አገር ካሉ ልጆች ጋር ቤተሰብ ማገናኘት ነበር። ኔትወርኩ ሲፈቅድ ማለቴ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ የእንጀራ እናት ነበር፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሳል።

ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ ደሴ ነበር የሚማረው። ኮምፒውተሬ በየሳምንቱ ቫይረስ እየገባባት ስትተኛ አየና አንድ ቀን መጥቶ ሰው ሁሉ የለመደውን ሲስተም ደመሰሰው። ልገድለው ምንም አልቀረኝ። በቦታው ሊኑክስ ጫነልኝ። ሊኑክስም ዓይነቱ ብዙ ነው አሉ፤ የእኔው ግን ከሊኑክሶቹም የተለየ ነበር። እንደ ሌላው እዚህ ነካ፣ እዚያ ጫን ብለሽ አይደለም የምታስተካክዪው። አንድ ፋይል አለ። በዚያ ፋይል ላይ ኮምፒውተርሽ ምን እንዲኖረው እንደምትፈልጊ ትጽፊያለሽ፤ አማርኛ መጻፊያ ይኑር፣ ይሄ ፕሪንተር ይሥራ፣ ሰዓቱ የአገራችን ይሁን። ከዚያ አንድ ትእዛዝ ትሰጪዋለሽ። እሱ ራሱን በቃልሽ መሠረት ከላይ እስከ ታች ያዘጋጃል።

«እንዴት እንደሚሠራው አትጨነቂ» አለኝ ወንድሜ። «አንቺ የምትፈልጊውን ብቻ ተናገሪ።»

«ታዲያ ይሄ ዱዓ ነው እንጂ ምኑ ኮምፒውተር ሆነ!» አልኩት።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን ወሎ ተወልዶ ዱዓ ያልተቀመጠ ማን አለ? ዱዓ ላይም ሐጃሽን፣ ጉዳይሽን ነው የምትናገሪው። አመጣጡን ለባለቤቱ ትተሽ «አሚን» ትያለሽ፣ አለቀ። ወላሂ ወዲያው ነው የገባኝ። ወንድሜ ደሴ ያሉት ጓደኞቹ ይህን ለመረዳት ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው ሲነግረኝ ሳቅኩባቸው።

ሌላም ጸባይ ነበረው። አንድ ነገር በለወጥሽ ቁጥር የድሮውን አይጥለውም፤ እንዳለ ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱን «ትውልድ» ይለዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በጥቁር ስክሪን ላይ ትውልዶቹ ተደርድረው ይመጣሉ፤ አዲሱ ካላማረሽ የትናንቱን መርጠሽ ትገቢያለሽ፣ ሁሉም ነገር ትናንት እንደነበረ ሆኖ ይጠብቅሻል። መብራት ለሚጠፋበት አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ለውጡ ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ መብራት ሲጠፋ ሌላው ሲስተም ይበላሻል፤ የእኔው ምንም እንዳልተፈጠረ በድሮው ትውልድ ይነሳል። መብራት ኃይል በየቀኑ ይፈትነው ነበር፣ እሱም በየቀኑ ያልፍ ነበር።

በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ይወጣል። ኔትወርካችን ያን የሚያህል ነገር የሚያወርድ ስላልነበረ ወንድሜ ደሴ አውርዶ በፍላሽ በሚኒባስ ይልክልኛል። ሹፌሩ «ዕቃሽ መጣ» ሲለኝ እንደ ሙሽራ ደስ ይለኛል። ወንድሜም በስልክ የአዲሱን እትም ወሬ ይተርክልኛል፤ ምን ተጨመረ፣ ምን ተሻሻለ። የማወራው እትም ሲመጣ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቶሎ ይነሳል፣ አማርኛው ሲታተም ፊደል አይቆራረጥም። «ከሁሉ በላይ ደግሞ» አለኝ፣ «ያን ካሜራሽን ያውቀዋል።»

ያ ካሜራ! አንዲት ከጅዳ የተመለሰች ልጅ የሸጠችልኝ ነው። የድሮው እትም አላውቅህም ብሎት ስክሪኑ አናት ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው። ስለዚህ እኔ ቤት የሚመጣ ወላጅ የልጁን ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊት ለፊት አይተያይም ነበር።

አሁን ወደ ሸሁ ልምጣ። ሸሁ የልጅነት ጓደኛዬ አባት ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቤታቸው ቁርኣን ያስቀራሉ። እሷና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። ትምህርቱ አልሆን ሲላት ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ ሲም ካርዷን ወስዳባታለች፤ የምትደውለው ዓርብ ዓርብ፣ መዳሟ ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው።

ታዲያ እዚያው አገር ሹፌር የሆነ አንድ የወግዲ ልጅ ሊያገባት ጠየቀ። አጎቱ ሽማግሌ ይዞ ሸሁ ዘንድ ተመላለሰ። ነገሩ ጥድፊያ ነበር፤ ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነውና ኒካሁ በዚህ ዓርብ ይታሰር ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ግን ማን ይሰማል? ሸሁ ብቻ ረጋ አሉ። እንደ አባት ልጃቸውን ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው። ልጃገረድ ስትጠየቅ አፍራ ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ሐሙስ ዕለት እኔ ቤት መጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ፊቷን ልታሳይኝ ትችያለሽ?»

«አባባ፣ ድምፅዋ አይበቃዎትም?»

«ስጠይቃት ዝም ትል ይሆናል። ዝምታ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ከፊት ላይ ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ በጎረቤት ልጆች ትንሽ ስልክ አላያትም። የዚህ ግን ሰፊ ነው» አሉና ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አብሽሩ፣ አሳይዎታለሁ» አልኩ። አፌ አያርፍም።

የወንድሜ ፍላሽ በዚያው ቀን ገብቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት አዲሱን እትም መጫን ጀመርኩ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ መጣ፤ ቀጠልኩ። ሲጨርስ አስነሳሁትና ካሜራው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት ሳይ ጮህኩ። ፀጉሬ ተንጨባሮ! ያን ቀን ጠዋት ብቻዬን ስስቅ፣ ስሽኮረመም፣ ምላሴን ሳወጣ ነው የቆየሁት። ድምፁን ልሞክር ብሎ ማን አሰበ? ድምፅ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሸሁ፣ የልጁ አጎትና ሁለት ምስክሮች። የሁሉም ስልክ እንደ እኔው ባለቁልፍ ነበር፣ በኢንተርኔት አይደውልም። ደወልኩ። ትንሽ ቆየና ጓደኛዬ ስክሪኑን ሞላችው። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ከኋላዋ የወጥ ቤት ነጭ ግድግዳ አለ።

«ማሻ አላህ! አጃኢብ!» አሉ ምስክሮቹ።

ሸሁ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያን የሚያምር፣ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ የሚያባብሉበትን ድምፃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኚህ ሰው ለወንድማቸው ልጅ ጠይቀውሻል። ልድርሽ? ወደድሽ?»

ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች።

«አፈረች» አለ አጎትየው ፈገግ ብሎ። ጠበቅን። ቀና አላለችም። «ዝም አለች። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። በሉ ሸሁ፣ ፊቷንም አዩ፣ የሰው ልጅ ከዚህ በላይ እንዴት ይፈር? ቢስሚላህ ይበሉ።»

ሸሁ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ለልጁ ወኪል ለአጎትየው ዘረጉ። እጅ ተያይዘው ቃሉ ከተነገረ አበቃ፣ ታሰረ ማለት ነው።

እኔ ከጎን ነበርኩ። የማየው ትከሻዋን ነው። ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል፤ አውራ ጣቷ የስልኩን ጎን ደጋግሞ ይጫናል። ምን እየሠራች ነው? ድምፅ እየጨመረች ነው! ያን ጊዜ ነው ስደውል የጥሪው ድምፅ ራሱ እንዳልተሰማኝ ትዝ ያለኝ።

«ቆዩ!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ቆዩ በአላህ!»

አጎትየው ዞሮ ገላመጠኝ። «ሴት ልጅ በወንዶች ጉዳይ መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ቤቱ የእኔ ነው ጌታዬ፣ ጥልቅ ያልከው አንተ ነህ! ልጅቷ አልሰማችም። ያፈረች መሰላችሁ? ስልኳን እያየች ነው። ዝም ያለው ማሽኑ ነው!»

ሸሁ እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔም ፈጥኜ «ድምፅ የለም፣ እንዳትሄጂ» ብዬ ጻፍኩላት። አጎትየው ጽሑፉን ሲያይ «እንግዲያው እሷም በጽሑፍ ትመልሳ፣ ምን ያስቸግራል?» አለ።

«ጽሑፍ ማንም ይጽፈዋል» አሉ ሸሁ። «እኔ የማውቀው ድምፅዋን ነው። ልጄ፣ ድምፅዋን አምጪልኝ።»

ወንድሜ ኋላ ነው ያስረዳኝ። በድሮው እትም ድምፅ ሳትጠይቂው ይሰጥሽ ነበር፤ በአዲሱ ግን «ድምፅ ይኑር» ብለሽ ፋይሉ ላይ ካልጻፍሽ አይሰጥሽም። የማሽኑ ሕግ ከሽማግሌዎቹ ሕግ ጋር ፊትና ጀርባ ነበር። እሱ ዘንድ ዝም ያልሽው ነገር እምቢ ያልሽው ነው። ይህን ያን ዕለት አላወቅኩም። የማውቀው የትናንቱ ትውልድ እዚያው እንዳለ ብቻ ነው። ሪስታርት አደረግኩ፣ ጥቁሩ ስክሪን ሲመጣ አንድ ወደ ታች ወርጄ የትናንቱን መረጥኩ። መዳሟ ብትመጣስ? ኔትወርኩ ቢሄድስ? አጎትየው የወግዲ መኪና ሊያመልጠኝ ነው እያለ ይነጫነጫል።

ደወልኩ። ጥሪው ጮኸ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ካሜራው ግን ጠፍቷል፤ መስኮቱ ጥቁር ነው።

«አባዬ?» አለች ከጥቁሩ ውስጥ።

ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ልድርሽ? ወደድሽ? ዝምታ ሆነ። አጎትየው አፉን ሊከፍት ሲል ሸሁ ጣታቸውን አነሱበት። ትንፋሿ ይሰማል። ከሩቅ የሰው ቤት ልጅ ያለቅሳል።

«አልፈልግም፣ አባዬ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰውየውን አላውቀውም። እኔ ቤቴ መምጣት ነው የምፈልገው።»

«ነይ» አሉ ሸሁ። «ነይ ልጄ። ማን ከለከለሽ?»

አጎትየው ጋቢውን አንስቶ ምስክሮቹን አስከትሎ ወጣ። ኒካሁን አንዲት ኮምፒውተር አፈረሰችው እያለ ሲያወራ ከረመ። ሸሁ ሲነገራቸው «ያልታሰረ ምኑ ይፈርሳል?» ነው ያሉት። ጓደኛዬ ጊዜ ፈጅቶባትም ቢሆን መጣች፤ ዛሬ ራሷ የመረጠችውን አግብታ አቀስታ ትኖራለች። ሸሁ ግን የሉም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ቤት ባሰብኩ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚመጡብኝ እሳቸው ናቸው።

ያን ዕለት ሰዎቹ ሲወጡ ሸሁ አብረው አልወጡም። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ፊቷንስ አሁን መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል አባባ፣ ግን ድምፅ አይኖርም።»

«ግድ የለም።»

ለጓደኛዬ ነገርኳትና እንደገና አስነስቼ አዲሱን እትም መረጥኩ። መጣች። አልቅሳ ነበር፣ አሁን ግን ትስቃለች፤ እጇን ታወዛውዛለች። ሸሁም ጥምጣማቸውን አስተካክለው እጃቸውን አወዛወዙላት። እንደዚያ ሆነው ሲተያዩ ቆዩ። እኔ አቀርቅሬ ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«ከስታለች እኮ» አሉ ሸሁ፣ ቀስ ብለው። «ጉንጯ የት ሄደ? አንቺስ አላየሽም?»

አላየሁም ነበር። ቅድም አምስታችንም አፍጥጠን ስናያት ቆይተናል፤ ያየነው ግን ማፈሯን ብቻ ነው።