የአው ዩሱፍ ነብር

ልጅ ሳለሁ ጀጎል ውስጥ የምንኖርበት ቤት ከአው ዩሱፍ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በግድግዳው መሐል እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች፤ እሳት ሲጠፋ ፍም፣ ጨው ሲያልቅ ጨው የሚቀባበሉባት። «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚጠሩበት የአክብሮት ስም ነው፤ እኛ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጆችም እንደዚያው እንላቸው ነበር። ሥራቸው መጽሐፍ መጠረዝ ነው። ወጣት ሳሉ ግን ከዘይላ በመርከብ ቦምቤይ ተሻግረው፣ ከዚያም ወደ መሐል አገር ዘልቀው፣ ጫካ ዳር የተቆለለ ግንድ ሲጠብቁ ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። ማታ ማታ የሚነግሩን የዚያን ዘመን ወሬ ነበር። እኛ ተረት እንለው ነበር፤ እሳቸው ተረት ነው ብለው አያውቁም።

ያኔ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ታደሰና እኔ እንሄድና በቀይ አፈር በተለቀለቀው መደብ ጫፍ ላይ እንቀመጣለን። ፋኖሱ በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ሰፌዶች ሥር ይንጠለጠላል፤ ጭሱ ከሙጫና ከእርጥብ ቆዳ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዓይን ያቃጥላል። ባለቤታቸው የማንደጃውን ፍም ለነገ እንዲያድር በአመድ ይሸፍናሉ። አው ዩሱፍ ሁልጊዜ ደክሟቸው ነው የሚጀምሩት። ቀኑን ሙሉ ቆዳ ሲወጥሩ ውለው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተኙ ሲመስለን ይናገራሉ።

«ስለ ባግ ልንገራችሁ?»

«ባግ ምንድን ነው፣ አው?»

«በናንተ አማርኛ ነብር ነው። ግን ነብር አይደለም።»

ችግሩ ከዚህች ቃል ጀመረ። አማርኛችን ለዚያ አውሬ የተለየ ስም አልነበረውም፤ እሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ ፈልገው ያጡለት ይመስለኛል። ስለዚህ ነብር ሆኖ ቀረ፦ በሬ የሚያክል፣ ነጠብጣብ ሳይሆን ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርድ ጥቁር መስመር ያለው ነብር።

የሚነግሩን ስለ ድምፁ ነበር። ሲመሽ ከሩቅ ያገሳል፤ የሚያገሳውም ሌላው ቦታውን አውቆ እንዳይደርስበት ነው። ያ ድምፅ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ደረት ላይ ይሰማል ይሉን ነበር። ይህን ሊያስረዱን መዳፋችንን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እሳቸው ጀርባቸውን አስጠግተው ከሆዳቸው ያጉረመርማሉ፤ ድንጋዩ እጃችን ሥር ይነዝራል። እንስቲቱ ወንድ ስትፈልግ ሌላ ድምፅ አላት፤ አንገቷን ደፍታ እየሄደች ረጅም ታቃስታለች። ሲቆጣ ደግሞ እንደ ድመት ይነፋል። የሚተዋወቁ ሲገናኙ ግን አፋቸውን ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን በአፍንጫቸው ቆርጠው ቆርጠው ይለቃሉ። «ፍፍር፣ ፍፍር» ይሉልናል አው ዩሱፍ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ። እናት ለልጇም እንደዚያው ታደርጋለች። ሰላም ነው፣ አልነካህም ማለት ነው።

ታደሰ አላመነም። «ነብር ከነብር ሲገናኝ ይቧጨራል እንጂ ሰላም ይባባላል?»

«አንተ ከእህትህ ጋር ስትገናኝ ምን ታደርጋለህ?»

«እቧጨራለሁ።»

«እንግዲያው ካንተ ይሻላል።»

ታደሰ ያመነውንም ያላመነውንም ሰፈር ውስጥ ያወራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ልጆች አው ዩሱፍ ሲያልፉ በአፍንጫቸው «ፍፍር» ይሉባቸው ጀመር። አዋቂዎችም ሰምተው ሳቁ። እሳቸው አልተቆጡም።

በዚያ ክረምት አባቴ ሳንባ ምች ያዘውና ሞተ። የንስሐ አባቱ ተጠርተው ገና ሳይደርሱ ነው የሞተው። አጠገቡ የነበሩት እናቴና ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የሚኖረው ወንድሙ፣ አጎቴ ደምሴ ብቻ ነበሩ። እናቴ እንደምትለው አባቴ ወንድሙን ጠርቶ፣ «ይህ ቤት የእሷና የልጆቼ ነው፤ እጅህን እንዳታስገባ» ብሎታል። አጎቴ ከተስካሩ በኋላ መጥቶ፣ ቤቱ ከአባታቸው የወረደ መሆኑን፣ ወንድሙም ለእሱ እንደተወለት ተናገረ። እናቴ ከሰሰች። ምስክር ቁጠሪ ስትባል የምትቆጥረው አንድ ሰው ነበራት። አው ዩሱፍ አባቴ በሞተበት ምሽት ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጠው ነበር፤ የአባቴን ቃል በቀዳዳዋ ሰምተዋል።

ችሎቱ ከሸዋ በር ውጭ በጠዋት ተሰየመ። እናቴ ታደሰንና እኔን አጠገቧ አቆመችን፤ ዳኛው የሙት ልጆችን እንዲያዩ ፈልጋ ይመስለኛል። አጎቴ ነገረ ፈጅ አቁሟል፤ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ አው ዩሱፍ እየቀሰረ የሚናገር ሰው።

«እግዜር ያሳይዎ፣ ጌታዬ! ይህ ምስክር በየማታው ለሰፈር ልጆች ነብር ለነብር እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ የሚያስተምር ነው። እንዴት ያለ ነብር ቢሉ፣ ሽንትርትር! በአፍንጫው እንደምን አመሸህ የሚል!»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ አው ዩሱፍ ዞሩ።

«ይህን ነብር በዓይንዎ አይተውታል?»

«ቆዳውን አይቻለሁ። በሕይወት አላየሁትም። ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ማታ አየሁት ብለው እንዳልነገሩን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

«የሟቹንስ ቃል?»

«ሰማሁ።»

«ሲናገር አይተውታል?»

እናቴ እጄን ጨበጠች። በግድግዳው ውስጥ ቀዳዳ መኖሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎንበስ ብዬ አየሁት ቢሉ የሚያስተባብላቸው ከአጎቴ በቀር ማንም አልነበረም። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ እኔም እንዲሏት በልቤ እለምን ነበር።

«አላየሁም» አሉ። «ሰማሁ። ወላሂ፣ ድምፁ የእሱ ነው።»

«የወንድማማች ድምፅ ይመሳሰላል» አለ ነገረ ፈጁ።

«ይመሳሰላል?» ብለው ጠየቁ ዳኛው።

አው ዩሱፍ ወደ አጎቴ ተመለከቱ። «ይመሳሰላል። እኔ ግን እለየዋለሁ።»

«እንደ ነብሩ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ድምፁ የአጎቴ ቢሆን ኖሮ፣ አጎቴ በገዛ አፉ «እጅህን እንዳታስገባ» የሚለው ለማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ያሰብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከሥራዬ ልማድ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ለማንም አልጠቀመም። ዳኛው ያላየ ምስክር አይበቃም ብለው ቤቱን ለአጎቴ ፈረዱ።

በወጣንበት ቀን አው ዩሱፍ መጥተው ሣጥናችንን ሊሸከሙ ጎንበስ አሉ። እናቴ ከእጃቸው ላይ ወሰደችው።

«ይተዉት፣ አው። አይድከሙ።»

አነጋገሯ በአክብሮት ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ሰውን የሚያርቅ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። ከሸዋ በር ውጭ አንዲት ክፍል ተከራየን። ወደ እሳቸው ማታ መሄድም ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን ገባ፤ ማረፋቸውን የሰማሁት በሰው በሰው ነው። የት እንደተቀበሩ አላውቅም።

እኔ ጋዜጣ ላይ ሠርቼ አረጀሁ። አየሁ እያለ የሚመጣውን ሰው የት ቆመህ አየህ ስለው፣ ብዙውን ጊዜ ሰምቶ ነው። ያን ጊዜ ቃሉን ሰርዤ «ሰማሁ አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ከተማርኩት ሁሉ የሚያደክመኝም ይኸው ነው፤ ሲሰረዝበት የሚከፋውን ሰው ፊት አውቀዋለሁና።

እናቴ አርጅታ፣ እዚያችው የኪራይ ክፍል ውስጥ ሳለች፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ሳላስበው አነሣችው።

«አው ዩሱፍ አየሁ ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር?»

«ውሸት ይሆን ነበር፣ እማዬ።»

«ቤት ይሆን ነበር» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም። ተነሥታ ጣራው በሚያፈስበት በኩል ገበቴውን ጠጋ አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች።