የአስቴር ግራ ጎን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ፣ ፊቷ የገረጣ ቀጭን ልጅ በአጠገቤ አለፈች። ሆዷ ገፋ ብሏል። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች ወዲያው ተጠጋጉ።

«አየሻት? ቀለበት እንኳ የላትም እኮ!»

«ኤዲያ! የዛሬ ልጅ!»

ያን ሹክሹክታ አውቀዋለሁ። እህቴን አስቴርን ለመቃብር ሊያደርሳት ምንም ያልቀረው እሱ ነው።

ያኔ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ታላቄ አስቴር ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፣ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። አባታችን ስለሞተ እማዬ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። በዚያ ዓመት አስቴር ከሳች። ሌሊት በላብ ተነክራ ታድራለች፣ ጠዋት ከአልጋዋ ለመነሳት አቅም ታጣለች። የምትወደውን ሽሮ እንኳ ሁለት ጎርሳ «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ትላለች። ሆዷ ግን ወደ ፊት ወጣ፤ ልብ ብሎ ላየው ደግሞ በግራ በኩል ብቻ ነው። ማን ልብ ብሎ ያያል? ሆድ ካዩ በቃቸው።

ነገሩን የጀመረችው እትዬ ብርቄ ናት። የመዘምራኑን ልብስ የምትለካው እሷ ስለነበረች ሜትሩ አልደርስ ሲላት ዝም ብላ ቤቷ አልገባችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ አስቴር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ተጠራች። እማዬና እኔም አብረናት ገባን፤ እትዬ ብርቄና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁን። ጋሽ ወርቁ የሚባሉት ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ከማን እንደሆነ ብትናገሪ ጌታ መሐሪ ነው።»

«ከማንም አይደለም፣ ጋሼ። አላረገዝኩም።»

እትዬ ብርቄ ብድግ አለችና ሳታስፈቅዳት እጇን አስቴር ሆድ ላይ ጫነች። ገበያ ላይ የዶሮ ደረት የምትዳብስ ነው የመሰለችኝ። «ጠጥሯል እኮ! አራት ወር ሞልቶታል» አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ። አስቴር ሕመሙ ጠንቶባት ከንፈሯን ነከሰች። እነሱ ግን ኀፍረት መሰላቸው። ድንቄም ሽማግሌ! ዛሬም ያ እጅ ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመርረኛል።

ንስሐ እስክትገባ ከመዘምራኑ ታገደች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላት እሺ አላለችም። «በሩ ላይ ያየኝ ሰው ልታስወርድ ሄደች ይላል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይሉ ነበር። እሷ ወሬ ፈርታ ቤት ተደብቃ፣ በሽታው ደግሞ ውስጧ ተደብቆ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከአልጋ ወርዳ መቆም ሲያቅታት እማዬ ነጠላዋን አጣፋች።

«ተነሺ፣ ደሴ እንሄዳለን። እዚያ የሚያውቀን የለም።»

ሚኒባሱ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ ሲወጣ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ከዳር የሚሸጥ በለስ ገዝቼ ላጥኩላት። አንዲቷን ግማሽ በልታ መለሰችልኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እትዬ ብርቄ የጫነችው ቦታ ላይ እጁን ቀስ አድርጎ አሳረፈ፤ አስቀድሞ ግን «ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት። ልብ በሉልኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም! አስቴር እዚያው አልጋው ላይ አለቀሰች። «ጣፊያዋ ነው ያበጠው» አለን። የደሟ ውጤት ሲመጣ ነጩ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ፤ የደም ካንሰር መሆኑን ነገረን።

እማዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አለቀልኛ! የደም ካንሰር ሞት አይደል እንዴ?»

ሐኪሙ ደግፎ አነሳት። «ስሙ አንድ ቢሆንም በሽታው አንድ ዓይነት አይደለም፣ እናቴ። ፈጣኑ በሳምንታት ውስጥ ሰው ይጥላል፤ ልጆችን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፣ እሱም ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ዘገምተኛው ደግሞ ዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ከየትኛው ሕዋስ እንደተነሳም ይለያያል፤ ሊምፎይድ የሚባል አለ፣ ማይሎይድ የሚባል አለ። የእሷ ዘገምተኛው ማይሎይድ ይመስላል። አዲስ አበባ ይረጋገጥ። ከሆነ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለው።»

አዲስ አበባ ሲመረመር እሱው ሆነ። ኪኒኑን ጀመረች፣ ወራት ሲያልፉ ያ ሆድ ሟሸሸ።

የበሽታዋ ወሬ ኮምቦልቻ ሲሰማ እነ ጋሽ ወርቁ ሙዝና ብርቱካን ይዘው ቤታችን መጡ። እትዬ ብርቄ ገና ከበሩ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ አበባዬን!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። አስከሬን የወጣ ነው የሚመስለው። ጋሽ ወርቁ ደግሞ አስቴርን ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ፣ እኛ ይቅር ብለንሻል» አሏት። ሰማችሁ? እነሱ ናቸው ይቅር ባዮቹ! የያዝኩትን የሻይ ትሪ ጥዬ መጮኽ አማረኝ።

አስቴር ግን ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። «እትዬ ብርቄ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያኔም አላረገዝኩም፣ አሁንም አልሞትኩም።»

ብርቱካኑን ማንም አልበላውም፣ ሻግቶ ተጣለ።

እናም ሰኞ ገበያ ላይ ያን ሹክሹክታ ስሰማ ሽንኩርቴን ትቼ ልጅቷን ተከተልኳት። «የኔ ልጅ፣ ያምሻል እንዴ?» አልኳት እያለከለክሁ።

ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እርጉዝ ነኝ፣ እትዬ። ምነው?»

መግቢያው ጠፋኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ፈትለክ አልኩ።

አመሻሽ ላይ ለአስቴር ስነግራት እስከ ዛሬ የማታቋርጠውን ኪኒኗን ልትውጥ ውሃ ቀድታ ነበር። ሳቋ አልቆም አላት፣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ብርጭቆውን እንደገና ሞላች።

«አንቺ ግን ጠየቅሻት» አለችኝ፣ ኪኒኗንም ዋጠች።